ለአንድ ቀን ተራራ የአንድ ሳምንት ጓዝ

እሑድ፣ ግላስጎው

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። እትዬ ቶናውን እየቀዱ ሳለ ባልንጀራዬ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ ደቀነብኝ። ከሐይቅ ዳር ቀጥ ብሎ የቆመ ተራራ ነው። ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሰፊ፤ አምባ ይመስላል። «ይኼን እንውጣ፤ ስሊኦኽ ይባላል» አለኝ። ቁመቱን ጠየቅኩት። «981 ሜትር።»

ሳቄ መጣ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ኳስ እየተራገጥኩ ነው ያደግኩት። እሱ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ተወልዶ እንጦጦን እንደ ጓሮው ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። እንጦጦ እንኳ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። 981 ሜትር በእኛ አገር ቆላ ነው። ግመል የሚነዱበት፣ ጥላ እየፈለጉ የሚቀመጡበት።

እትዬ አልሳቁም። ዘመዳችን አይደሉም፤ ግን ለብዙዎቻችን የግላስጎው እናታችን ናቸው። «ተራራ ላይ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ጀበናውን አስቀምጠው «የዚህን አገር ተራራ አትናቁት ልጆቼ። በዜና ሰው ጠፋ ሲባል የምሰማው በበጋውም ነው» አሉን።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው እውነታቸውን ነው። እንጦጦ የሚወጣ ሰው ሲነሣም ከፍታ ላይ ነው። ስሊኦኽ ግን የሚጀመረው ከባህር ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ሜትሩን በሙሉ በራስህ እግር ትከፍለዋለህ። ቦታው ከ57 ዲግሪ ሰሜን በላይ ነው፤ ነፋሱ ከአትላንቲክ ያለ ከልካይ ይመጣል። አየር አያጥርህም። የሚጥልህ ብርዱ፣ እርጥበቱና ጭጋጉ ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። እንግሊዞቹ «ሎክ» እያሉ የሚያበላሹትን የሐይቅ ስም ስኮትላንዶቹ ከጉሮሮ አውጥተው «ሎኽ» ይሉታል። እኛ ደግሞ ኽ አለችን። እዚህ አገር በኖርኩባቸው 6 ዓመታት አፌ ሳይቸገር የያዘው የአገሬው ድምፅ ይህ ብቻ ነው። ስሊኦኽ የመጣው ጦር ከሚል የጌሊክ፣ ማለትም የስኮትላንድ ነባር ቋንቋ፣ ቃል ነው ይላሉ።

ባልንጀራዬ መጀመሪያ የፈለገው ቤን ኔቪስን ነበር። 1,345 ሜትር፣ የብሪታንያ ትልቁ። እዚያ ግን በበጋ ሰው እንደ ጥምቀት ነው የሚተራመሰው። ስሊኦኽ ራቅ ያለ ነው። መንሮ ከሚባሉት ተራሮች አንዱም ነው። ሂዩ መንሮ የሚባሉ ሰው በ1891 ከ3,000 ጫማ፣ ማለትም ከ914 ሜትር በላይ የሆኑትን የስኮትላንድ ተራሮች ዘርዝረው አሳተሙ። ዛሬ ዝርዝሩ ላይ 282 አሉ። ሁሉንም ወጥቶ ለመጨረስ ዕድሜውን የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው። እኛ አንዱን ብቻ።

ማክሰኞ፣ ከሥራ በኋላ

ካርታ ገዛሁ። ወረቀት። ባልንጀራዬ «በስልክ እያለ?» ብሎ አፌዘብኝ። ስልክ በብርድ ባትሪው እንደሚሞት ያወቅኩት ባለፈው ክረምት አውቶቡስ ስጠብቅ ነው፤ ሃያ በመቶ ያለው ስልክ እጄ ላይ ጠፋ። ተራራ ላይ ያንን አልሞክረውም። የገዛሁት 1 ለ25,000 የሆነውን ነው፤ በካርታው ላይ 4 ሳንቲ ሜትር በመሬት 1 ኪሎ ሜትር ነው። ጠረጴዛዬ አልበቃው ብሎ ምንጣፍ ላይ ዘረጋነው። ሁለት ጎልማሳ በጉልበታችን ተንበርክከን፤ ሰው ቢያየን ጸሎት ላይ ነን ይላል።

የካርታው ስሞች ሁሉ ጌሊክ ናቸው። መጀመሪያ ያስፈራሉ። ትንሽ ቃል ስትይዝ ግን ካርታው መንገዱን ራሱ ይነግርሃል። «አቪን» ወንዝ ነው። «ኮሪ» ተራራው ጉያ ውስጥ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተቦረቦረ ሸለቆ ነው። «ስጉር» ሹል ጫፍ፣ «ሚያውል» ደግሞ ድቡልቡል ጉብታ። «ዱ» ጥቁር፣ «ኤኽ» ፈረስ። እንግዲህ ስጉር ዱ ጥቁሩ ጫፍ፣ ሚያውል ኤኽ የፈረሱ ጉብታ መሆኑ ነው። የእኛ መንገድ በጥቁሩና በፈረሱ መካከል ያልፋል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። መነሻው ኢንቸሪል ነው፤ ኪንሎኽዩ ከሚባል መንደር አጠገብ ያለ የመኪና ማቆሚያ። ከዚያ ወንዙን ይዘህ ወደ ሎኽ ማሪ ሐይቅ ትወርዳለህ። 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ ለሜዳ ነው። አንድ ወንዝ በድልድይ ትሻገራለህ። እዚያ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈህ ዳገቱን ትጀምራለህ። ረግረጉን አልፈህ ኮሪው ውስጥ ትገባለህ። ከዚያ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ወጥተህ ትንንሽ ኩሬዎች ጋ ትደርሳለህ። የመጨረሻው ቁልቁለት የሌለው ዳገት ነው። ሲመለሱ በምሥራቁ ጠባብ ጀርባ ዞረው 934 ሜትር በሆነው በስጉር አን ቱል ቫን በኩል መውረድም ይቻላል። ሙሉ ዙሩ 19 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ሁሉ ሲደመር 1,150 ሜትር ገደማ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? ለዚህ የቆየ ስሌት አለ። ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 ያወጣው ነው። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ትይዛለህ። ለየ600 ሜትር ዳገቱ ሌላ 1 ሰዓት ትጨምራለህ። አስላነው። 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ መጣ። ባልንጀራዬ ደስ አለው። ናይስሚዝ ግን ምሳ አይበላም፣ ፎቶ አያነሣም፣ ጫማው ረግረግ ውስጥ አይቀርም። ግማሹን ጨመርኩበት። 8 ሰዓት ተኩል።

ጫፉ ላይ የካርታ ቀያሾች ምልክት አለ። አጠገቡ 980 ተጽፏል። ዝርዝሩ ላይ 981 ነው የሚለው። የመለኪያ ልዩነት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። አንድ ሜትር ምን ያደርጋል?

ሐሙስ

ዕቃ። ያለኝን ሁሉ አልጋ ላይ ደረደርኩ። ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የግንባር ባትሪ፣ ኮምፓስ፣ ፊሽካ፣ ሰው ሙሉ የሚገባበት ብርቱካንማ የፕላስቲክ ከረጢት። ግንቦት መጨረሻ ነው እኮ፤ ጓንት ሲባል ባልንጀራዬ አላመነም። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነገርኩት። መንደሩ ውስጥ 13 ከሆነ አናቱ ላይ 6 ወይም 7 ነው። ነፋስ ሲጨመርበት ሰውነትህ የሚያውቀው ከዜሮ በታች ነው።

እሱ ጋቢ ይዞ መጣ። እናቱ የሰጡት። «ከዚህ የሚበልጥ ሙቀት አለ?» ይለኛል። ደረቅ ከሆነ የለም። ግን ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ውሃ ከጠጣ ሙቀትህን ይበላዋል፣ ደግሞም እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ጂንስም እንዲሁ። ብዙ ተከራከርን። ጋቢው መኪና ውስጥ እንዲቀር ተስማማን፤ ለመልስ።

ስንቁ ላይ ግን አልተከራከርንም። የተራራ ሱቆች ውስጥ ለጉልበት ተብሎ በወርቃማ ወረቀት የሚሸጠውን ጣፋጭ አየሁት። ዋጋውን አይቼ መለስኩት። እትዬ ጭኮ ሠርተውልናል። የገብስ ዱቄትና ቅቤ፤ አንድ ጉርሻ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። በሶ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ቆሎ በኪስ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ስላላለቁ ቅቤው የሚያሳስብ አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። ስሜን ተራሮች ስትሄድ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብልሃል። መንገድ ያውቃል፣ ሰማዩን ያነባል፣ «ተመለስ» ይልሃል። ስኮትላንድ ውስጥ ማንም አይመደብልህም። በ2003 በወጣ ሕግ ማንኛውም ሰው በኃላፊነት እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ተራራውን ሁሉ መርገጥ ይችላል። ፈቃድ የለም፣ ክፍያ የለም፣ የሚጠይቅህም የለም። መጀመሪያ ስሰማው ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ስካውቱም እኔ፣ ተመሪውም እኔ መሆኔ ነው የገባኝ።

ስለዚህ «ተመለስ» የሚለውን ቀድመን ወረቀት ላይ ጻፍነው። ቀን 8 ሰዓት ላይ የትም እንሁን የት እንመለሳለን። ጫፉ በዓይናችን እየታየም ቢሆን። ባልንጀራዬ ፈረመ፤ ቀልዱን ነው፣ ግን ፈረመ።

ስልካችንንም አስመዘገብን። ድምፅ በማይወስድበት ቦታ ለአደጋ ጊዜ ቁጥሩ ለ999 በጽሑፍ መልእክት ማድረስ ይቻላል፤ ቀድመህ «ሬጂስተር» የሚለውን ቃል ልከህ ከተመዘገብክ ነው። ስትደውልም ፖሊስ ትላለህ፣ ከዚያ የተራራ አድን ቡድን። ቡድኖቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በውድቅት ሌሊት ከአልጋቸው ተነሥተው ይመጣሉ፤ ሳንቲም አይጠይቁም። ያንን ሳውቅ ይበልጥ ፈራሁ። የሰው እንቅልፍ ነው እኮ።

በመጨረሻ የጉዟችንን ካርድ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። መኪናችን የት እንደቆመ፣ በየት እንደምንወጣ፣ በስንት ሰዓት እንደምንመለስ። እስከ ምሽቱ 8 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ድምፃችን ካልተሰማ ፖሊስ ይደወል። አንዱን ለማረፊያችን ባለቤት ልንሰጥ ያዝን። ሌላውን በአማርኛ ገልብጬ ለእትዬ ላክሁ።

ዓርብ፣ መንገድ ላይ

ከግላስጎው ኪንሎኽዩ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይነዳል። በፐርዝ አድርገህ፣ በኤ9 አውራ ጎዳና ኢንቨርነስ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ። ኢንቨርነስ ላይ ነዳጅ ሞላን። ከዚያ ወዲያ ሰው እየሳሳ፣ በግ እየበዛ ይሄዳል። አክናሺን የምትባል ባቡር ጣቢያ ያላት መንደር አልፈን ግሌን ዶከርቲ ስንደርስ መንገዱ ቁልቁል ተከፈተ። ሎኽ ማሪ ከሩቅ እንደ ብር ሳህን ያበራል። ባልንጀራዬ መኪናውን አስቆመኝ። «ዓባይ በረሃን መሰለኝ» አለ። አይመስልም። ግን ዝም አልኩት፤ አገር የናፈቀው ሰው ያየው ሁሉ አገሩን ይመስለዋል።

ማረፊያው ውስጥ የተራራ ትንበያውን ከፈትኩ። ኤምዊስ ይሉታል፤ ለተራራ ብቻ የሚሠራ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ነው። የከተማው ትንበያ ዝናብ ወይም ፀሐይ ብሎ ይተውሃል። ይኼ ግን ነፋሱ አካሄድህን ምን ያህል እንደሚያውክ፣ ጫፎቹ ከደመና ነፃ የመሆን ዕድላቸው ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግርሃል። የቅዳሜው በሰዓት 50 ማይል ነፋስ ይላል። መቆም ያስቸግራል ይላል። ከደመና ነፃ የመሆን ዕድሉ 10 በመቶ።

የእሑዱ ይሻላል። ጠዋት ነፋሱ ጋብ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ደግሞ ዝናብ ይዞ ይመለሳል።

ባልንጀራዬ ተበሳጨ። «ለዚህ ነው ሳምንት ሙሉ የተንበረከክነው?» ለዚህ ነው። ሰኞ የባንክ በዓል የሚሉት የዕረፍት ቀን ስለሆነ አንድ ትርፍ ቀን ይዘን ነበር። ከሳምንቱ ዝግጅት ሁሉ የሠራልን ያቺ ትርፍ ቀን ናት።

ለእትዬ ደወልኩ። «በእሑድ? ቅዳሴውስ?» አሉ። ለዚህ ዕቅድ አልነበረኝም።

ቅዳሜ፣ ሐይቁ ዳር

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ቁጭ ከምንል ብለን ወደ ቤን ኤይ ጥብቅ ስፍራ ሄድን። በብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ በ1951 የተከለለ። ሐይቁ ዳር የጥንቱ የስኮትላንድ ጥድ ደን ቁራጭ ቀርቶለታል። ግንዱ ቀይ፣ ቅርፊቱ የአዞ ቆዳ የመሰለ። አጠር ያለ መንገድ አለው፤ እርሱን ዞርን። ስሊኦኽ ከሐይቁ ማዶ ፊት ለፊታችን መሆን ነበረበት። ግድግዳ የመሰለ ደመና እንጂ ተራራ የለም።

እዚህ አገር ደን መታየቱ ራሱ ተአምር ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሰር ጆርጅ ሄይ የሚባሉ ሰው በዚህ ሐይቅ ዳርቻ ብረት ያስቀልጡ ነበር። ምድጃው የሚነደው በከሰል ነው። ከሰሉ የሚመጣው ከዚሁ ሸለቆ የኦክ ዛፍ ነው። እንጨት ለከሰል ሲያልቅ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም።

ሐይቁ መካከል ደሴቶች አሉ። አንዷ ማሪ ደሴት ትባላለች። የሐይቁ ስም ከእርሷ ጋር ከማልሩባ የመጣ ነው፤ በ673 አፕልክሮስ ላይ ገዳም የመሠረተ መነኩሴ ነው። ደሴቲቱ ላይ ጸበል ነበር። አእምሮው የታወከ ሰው ሲኖር በጀልባ አምጥተው ውሃውን ያጠጡታል፤ በደሴቲቱም ዙሪያ እየጎተቱ ሐይቁ ውስጥ ይነክሩታል። ከጸበሉ አጠገብ ሰው ሳንቲም የሚሰካበት ዛፍ ነበረ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1877 መጥተው ሰክተውበታል። ዛፉ በመጨረሻ ደረቀ፤ የሳንቲሙ መዳብ መርዞት ነው ይባላል። ባልንጀራዬ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «እንጦጦ ማርያምን የት እንዳገኘኋት እይ» አለ። ይኼኛው ይመስላል።

ሚጅ የምትባለዋን ጥቃቅን ተናካሽ ዝንብም ተዋወቅናት። ነፋስ ሲኖር አትበርም። ዛፎቹ መካከል ጸጥ ያለበት ቦታ ስንቆም ግን ደመና ሆና መጣችብን። ለነገው ነፋስ ትንሽ ይቅር ብዬ ያሰብኩትን መልሼ ወሰድኩ።

ማታ ካርዱን ለማረፊያው ባለቤት ሰጠኋቸው። ጠና ያሉ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉት።

እሑድ፣ ስሊኦኽ

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ኢንቸሪል ነበርን። ሰማዩ ግራጫ፣ ነፋሱ ልዝብ። ወንዙ በትናንቱ ዝናብ ሞልቶ ይጮኻል። የመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትር ደስ ይላል። ሐይቁ ዳር የዱር ፍየሎች አየን። ቀንዳቸው ረጅም፣ ጠጉራቸው ረጅም፣ ሽታቸው ከሁለቱም የረዘመ። ባልንጀራዬ በአማርኛ ጠራቸው። አንዱ ዞሮ አየው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያወራው ዋለ።

ድልድዩ ላይ 3 ሰዓት ከሩብ ደረስን። እስከዚህ ከካርዱ አልተዛነፍንም።

ከዚያ ረግረጉ። ካርታው ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ሰረዞች ናቸው። መሬት ላይ ግን ጥቁር፣ የበሰበሰ ሣርና አፈር፣ ከላይ ቆንጆ አረንጓዴ ምንጣፍ። ባልንጀራዬ ምንጣፉን አመነው። እስከ ጉልበቱ ገባ። እግሩን ስናወጣው ጫማው ውስጥ የቀረውን ውሃ እያፈሰሰ «ናይስሚዝ ይኼን አስቦታል?» አለኝ። መንገዱ ሦስት ጊዜ ጠፋብን። ሁለት የሞሉ ጅረቶች የምንሻገርበትን ቦታ ፍለጋ ወደ ላይ ወጣን፣ ወደ ታች ወረድን። አዲሱ ጫማው ተረከዙ ላይ ውሃ አስቋጠረው። ቁጭ ብለን ፋሻ አደረግንለት። ጭኮውን ያኔ ነው የከፈትነው። ያ ጭኮ ባይኖር ኖሮ የሚቀጥለው አንቀጽ አይኖርም ነበር።

ኮሪው ሰፊና ዝምተኛ ነው። ማዶ አጋዘኖች ቆመው አዩን። ነሐሴና መስከረም ላይ ቢሆን አዳኞችም ስላሉ መንገዳችንን ቀድመን ማጣራት ነበረብን፤ በግንቦት ግን ሸለቆው የእነሱና የእኛ ብቻ ነበር። ጥቁሩንና ፈረሱን በመካከል አልፈን ኩሬዎቹ ጋ ስንደርስ 6 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከካርዱ አንድ ሰዓት ተኩል ወደኋላ። እግራችን ሥር ያለው ድንጋይ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ወደ አንድ ቢሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው። ያ ሁሉ ደግሞ ግራጫ በሆነ፣ ከእሱም እጅግ በሚያረጅ ሌላ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው። ይህን ለባልንጀራዬ ላስረዳው ሞከርኩ። «ድንጋዩ ይቆየው፤ እኔ ስንት ሰዓት ነኝ በለኝ» አለ።

የመጨረሻው ዳገት ላይ ደመናው ዋጠን። አሥር እርምጃ ፊት ለፊት አይታይም። ጓንቴን አደረግኩ። እሱም አደረገ፤ አላየሁም እንዲል ጀርባውን ሰጥቶኝ።

7 ሰዓት ከ55 ላይ የቀያሾቹን ምልክት ነካን። ከሰዓታችን 5 ደቂቃ ሲቀረው። እይታ የሚባል ነገር የለም። ነጭ ነው፤ ላይም ነጭ፣ ታችም ነጭ። ተቃቀፍን። ቆሎ ከኪሳችን ዘግነን ቆመን በላን። ልክ በዚያ ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ቀኑን ሙሉ ምልክት ያልነበረው ስልክ።

እትዬ ናቸው። «ስምንት ሰዓት ሞላ! ልደውል ነው! እሺ ፖሊሱን ምን ልበለው?»

ክው አልኩ። ለእሳቸው በአማርኛ ስገለብጥ «እስከ 8 ሰዓት» ብዬ ነው የጻፍኩት። ምሽት የሚለውን ዘልዬዋለሁ። 8 ሰዓት ለእሳቸው የቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ለማንኛውም ሐበሻ እንደዚያው። ከጠዋት ጀምሮ ሰዓት እያዩ ነው የዋሉት። ቅዳሴም ላይ ስልካቸውን ይዘው ነበር። በነፋሱ ላይ እየጮኽኩ አስረዳኋቸው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ደህና ናችሁ? ልብስ ደርባችኋል?» አሉ። ደርበናል አልኩ። «በሉ ውረዱ እንግዲህ!» ብለው ዘጉት።

ምልክቱ ባይመጣ ኖሮ በጠራራ ቀን የአድን ቡድን እንቀሰቅስ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ብርዱ ብቻ አልነበረም። የምሥራቁን ዙር ማሰብ ቀረ። ባልንጀራዬ ተረከዙን እያሳየኝ «በመጣንበት» አለ። ወረቀቱን መጥቀስ አላስፈለገም። ወረድን።

ዝናቡ 9 ሰዓት ከ40 ላይ መጣ። ትንበያው በ10 ደቂቃ ተሳሳተ። መኪናችን ጋ ምሽት 12 ሰዓት ከ40 ስንደርስ ባልንጀራዬ አንድ ቃል ሳይናገር ጋቢውን አውጥቶ ተከናነበ። የማረፊያው ባለቤት ካርዱን ከማቀዝቀዣው ላይ ገንጥለው ሻይ አፈሉልን። ለእትዬ ደወልኩ። ምርቃቱ ረዘመ።

ማታ የረጠበውን ካርታ እንዲደርቅ አልጋ ላይ ዘረጋሁት። ባልንጀራዬ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ጎንበስ ብሎ ያየዋል። ከዚያ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። የቀያሾቹ ምልክት፣ 980። ጣቱን ትንሽ ወደ ሰሜን ገፋው። ምልክት የሌለው፣ በደቃቅ ቁጥር የተጻፈ ሌላ ጫፍ።

981።

ሁለት ራስ አለው ተራራው። ዙሩን ብንዞር ኖሮ እላዩ ላይ እናልፍ ነበር። ሳምንት ሙሉ ያጠናሁት ካርታ ነው።

ረጅም ጊዜ ዝም አልን። ውሃው እስኪቀዘቅዝ።

«ለእትዬ እንዳትነግራቸው» አለኝ።